የፈላ ውሃ የሸኘው ቅቤ

ቅባት በዕቃ ማጠቢያ የሚደፋ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። «ትንሽ እኮ ነው» ይሉኛል። ትንሽ ነው የሚል ሁሉ ይህችን ያንብብ።

እኔ ማንም አስተምሮኝ አይደለም የተማርኩት። እዚህ ሰው አገር መጥቼ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር መጋዘን ስሠራ ባለሙያ አንድ ነገር ሲፈታ ቆሜ አያለሁ፤ ቤቴ ገብቼ የራሴን ፈታትቼ እገጥማለሁ። እንዲህ እያልኩ መብራቱንም፣ ቧንቧውንም፣ ማሞቂያውንም ቻልኩት። ፓርክዴል ሰፈር ባለው መኖሪያ ሕንፃችን ቧንቧ ያንጠባጠበበት ሁሉ ማናጀሩን ትቶ የኔን በር ነው የሚያንኳኳው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ ወጥ መሥራቱንም፣ ቅቤ ማንጠሩንም ለብቻዬ ተማርኩ። ቅቤዬን የቀመሱ ሴቶች የወንድ እጅ ነው ሲባሉ አያምኑም።

ባለፈው የፋሲካ ሳምንት ግራውንድ ላይ የሚኖሩት የወሎዋ ሴትዮ ደወሉልኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው።

«ጋሼ፣ ውሃው ደግሞ መጣብኝ» አሉኝ።

ወረድኩ። የማጠቢያው ገንዳ ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሷል፤ ግራጫ ውሃ፣ ላዩ ላይ ዘይት የሚዋኝበት። እሳቸው ቧንቧቸውን እንኳ አልከፈቱም። በእኛ በኩል ያሉ ወጥ ቤቶች ሁሉ የሚያወርዱት በአንድ ቱቦ ነው፤ ታች ሲዘጋ የሁላችንም እጣቢ እሳቸው ቤት ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ የማናጀሩ ደብዳቤ ተቀምጧል። ቱቦውን የሚዘጉት እሳቸው እንደሆኑ፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ ቤቱን እንደሚለቁ ይናገራል።

«ለዚህ ነው እሱን ያልጠራሁት» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ?»

«አይዞዎት እትዬ! የዘጋውን አውጥቼ አፍንጫው ሥር ነው የማስቀምጥለት!»

ጉልበቴ እያመመኝ ተንበረከክሁና ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቆልማማ ቱቦ ፈታሁ። ከግድግዳው ውስጥ ያለውንም በሽቦ ጎተትኩ። እንደ ሻማ የደረቀ ቢጫ ቅባት ወጣ። በመፍቻዬ ሰበርኩት፦ የኮረሪማ ፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረት። ቅቤ ሲነጠር ከሥር የሚቀረው አተላ ነው!

«እርስዎ ቅቤ ያነጥራሉ?»

«ሐኪም ከከለከለኝ ስንት ጊዜዬ! ቅቤ የሚባል ቤቴ የለም።»

አበሻ ነው እንግዲህ፤ ፈረንጅ ኮሰረት ከየት ያመጣል? ከሴትዮዋ በላይ በዚያ ቱቦ የምንጠቀም አበሾች ደግሞ ሁለት ነን፤ ሦስተኛ ፎቅ እኔ፣ አምስተኛ ፎቅ አንዲት ነርስ። ማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ቅባቱን በፌስታል ቋጥሬ በደረጃው ወጣሁ፤ ንዴቴ ሊፍት አላስጠበቀኝም።

በሯን ስትከፍት ፌስታሉን ፊቷ ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውይ አባባ! ምን ሆነው ነው? ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም! ቅባት ደም ሥር ይዘጋል እያልሽ ሰው ትመክሪያለሽ፤ እዚህ የሰው ቤት ትዘጊያለሽ! አንዲት እናት ባንቺ ቅቤ ቤታቸውን ሊለቁ ነው!»

ፌስታሉን ተቀብላ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ሳቀች። ይባስ ነደድኩ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ቅቤ አንጥሬ አላውቅም። ዳንፎርዝ ካለው የአበሻ ሱቅ ሄጄ ሬዲ የሆነውን ነው የምገዛው። ይሄን ግን አውቀዋለሁ። ኮሰረት ከነዘንጉ የሚጨምር ሰው እዚህ ሕንፃ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? ለገና በሰጡኝ ቅቤ ውስጥም አንድ ዘንግ አግኝቻለሁ። የዶሮ አጥንት መስሎኝ ነበር።»

አየሁት። ከነዘንጉ ነው። ጣዕሙ ያለው ዘንጉ ላይ ነው እያልኩ ስሰብክ የኖርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«አተላውን የት ነው የሚደፉት?» አለችኝ፤ ሳቋን ትታ።

«ሲንክ ውስጥ። ግን የፈላ ውሃ አስከትዬበት ነው! ያቀልጠዋል!»

«ያቀልጠዋል። ታች ሲደርስስ አባባ? አይበርድም?»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። መጀመሪያ በሷ ተናደድኩ፤ ስለሳቀች። ከዚያ በራሴ። የፈላ ውሃ ድፉ እያልኩ ሕንፃውን ሁሉ ያስተማርኩ እኔ! የኔ ቱቦ አንድ ቀን ሳይዘጋ የኖረው በብልሃቴ ነው ብዬ ስኩራራ፣ ለካ ውሃው ቅቤዬን እየሸኘ እሳቸው ቤት አድርሶ ያረጋው ነበር።

ቱቦውን ጠርጌ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ነርሷም ሰው አታዋርድም። ደብዳቤው ግን የተጻፈው በሴትዮዋ ስም ነው። ማናጀሩ ቢሮ ገባሁና ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ባሉት ወረቀቶች ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ የኔ ነው። ሦስተኛ ፎቅ። በኔ ስም ጻፍ።»

«አንተ? የሰውን ሁሉ ቧንቧ የምትጠግነው?»

«አዎ፣ እኔ! የሳቸውንም ደብዳቤ ሰርዝ፤ በጽሑፍ። በቃል አልሄድም።»

ኋላ ይላክላቸዋል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ቅባት ጠረጴዛው ላይ ሲቀልጥ እያየሁ ቆምኩበት። ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ፤ ለኔም የራሴን ማስጠንቀቂያ ጨመረልኝ። ተቀበልኩት።

ወረቀቱን ለሴትዮዋ ወሰድኩላቸው።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«እርስዎ አይደሉም ይላል።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አጥፈው መሶባቸው ሥር ከተቱት። «ሽታው እንኳ ጥሩ ነበር» አሉኝ።

አሁን አተላዬ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ ሲረጋ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ድስቱን ውሃ ሳይነካው በወረቀት እጠርገዋለሁ፤ የዶሮ ስብም እንዲሁ። የፈላ ውሃ የሚለኝን ሰው በደረጃው ላይ ሳይቀር እጮህበታለሁ፤ ከእናንተም እንዲህ የሚል ካለ እንደጮህኩበት ይቁጠረው። በየበዓሉ ማግስት እወርድና የሴትዮዋን ቱቦ ፈትቼ አያለሁ። ትናንትም አየሁት። ከዚያ የጠራ ቱቦ በዚህ ከተማ ካለ ያሳዩኝ።