ፍየሏን ያበጠርኩበት ሰሞን

ታናሽ እህቴ ለሥልጠና ውጭ አገር ደርሳ ስትመለስ ለእናታችን የአንገት ልብስ ይዛላት መጣች። ግራጫ ነው፤ ጭብጥ ሲያደርጉት መዳፍ ውስጥ ይገባል። እናቴ ጉንጯን አስነክታው «ወይ ጉድ! የጫጩት ገላ ነው የሚመስለው» አለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ፈገግ አልኩ፤ ሆዴ ግን አረረ።

ቢያርርስ? በዚያው ዓመት የገዛ በጎቻችንን ፀጉር ሸልቼ፣ አጥቤ፣ በደጋን ነድፌ፣ ፈትዬ፣ ለሸማኔ ሰጥቼ ባና አሠርቼላት ነበር። ጥቁሩም ነጩም የበጎቹ የራሳቸው መልክ ነው፤ ቀለም የሚባል አልነካውም። ተሸምኖ ሲመጣ ጠበቅ እንዲል ሙቅ ውሃ እያፈሰስኩ በእግሬ የረገጥኩትም እኔው ነኝ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አልጋዋ ላይ አነጠፈችው። አለቀ! የእህቴን ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታደርገዋለች፣ ለቅሶ ስትደርስ ታደርገዋለች፣ ጎረቤላ ገበያ ሽንኩርት ልትገዛ እንኳ ታደርገዋለች። ለጠየቃትም ላልጠየቃትም «ልጄ ናት ያመጣችልኝ» ትላለች። ልጄ! እኔስ ምኗ ነኝ? በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

እህቴ የምትሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ለበዓል ስትመጣ፣ ግድ እንዳልሰጠው ሰው ሆኜ፣ ልብሱ ከምን እንደተሠራ ጠየቅኳት።

«ካሽሚር ይባላል፣ እታለም። ከፍየል ነው።»

«ከፍየል? ሂጂ ወዲያ!»

«እውነቴን ነው። ብርድ አገር ያለ ፍየል ከላይኛው ፀጉሩ ሥር ለስላሳ ነገር ያበቅላል። ብርዱ ሲያልፍ ራሱ ይለቀዋል። ያን ጊዜ ያበጥሩታል። ከአንድ ፍየል የሚገኘው እፍኝ ቢሆን ነው።»

በስልኳ የፍየሎቹን ፎቶ አሳየችን። ፈላጊው ስለበዛ ፍየሉም በዝቶ የዚያን አገር ሣር እንደጨረሰው፣ አሁን ግን አርቢዎቹ ጥቂት እያረቡ ግጦሹን እንዲያሳርፉ እንደሚመከሩ ነገረችን። እናቴ «ፍየል ሲበዛማ አገር ይላጫል» ብላ አፏን ከፍታ ታዳምጣታለች። የኛን ግጦሽ እየከለልኩ የማሳርፈው እኔ ነኝ። እሱን ስናገር እናቴ ምስር ትለቅማለች።

ብርድ አገር፣ ፍየል፣ ማበጠሪያ። ሦስቱም እኛ ቤት አሉ! ከቆላ የመጣች አንዲት ፍየል ነበረችን። እህቴ ሚኒባስ ተሳፍራ እንደሄደች የራሴን ሚዶ ይዤ ፍየሏን ጭኖቼ መሃል ወጥሬ ያዝኳት። ጮኸች፣ ወጋችኝ፣ ሚዶዬን ሁለት ጥርስ ሰበረችብኝ። የወጣልኝ እሾህ፣ አቧራ፣ መዥገርና እንደ ጭራ የደረቀ ፀጉር ነው። አልተውኩም። በየጠዋቱ አበጠርኳት። ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ልትድሪያት ነው እንዴ?» ትለኝ ጀመር። በመጨረሻ ከሥሩ ጥቂት ለስላሳ ነገር አገኘሁና እንዝርት ላይ ሳደርገው ብን ብሎ ጠፋ።

አንድ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረሰችብኝ። ልብሱ አንገቷ ላይ ነው።

«አንቺ፣ ይቺ ፍየል ምን አድርጋሽ ነው?»

«ካሽሚር እየሠራሁልሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የኔን አልጋ ላይ ጥለሽ የሷን ይዘሽ ስትዞሪ እያየሁ ልኑር?»

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች።

«የኔ ሞኝ! ያንቺንማ ለብሼው ነው የማድረው። ሲነጋ ደግሞ አንቺው አለሽልኝ። ይኼን የማደርገው እሷ ስለሌለች ነው። ስትናፍቀኝ ሸተት አደርገዋለሁ።»

ይህን የሰማ ሌላ ሰው ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ፍየሏን ለቅቄ የተሰበረውን ሚዶ እያራገፍኩ ወደ ቤት ገባሁ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ የቀናሁት በአንድ የአንገት ልብስ ነበር። ከዚህ ቤት አንድ ሳምንት እንኳ ርቄ ስለማላውቅ፣ እናቴ እኔን ናፍቃ አታውቅም።