በእኔው ጠመኔ

ናዝሬት ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ እንደቀረ ያወቅሁት መኪናው ላይ ነው። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ሲግል የሰው ላብና የቆየ በቆሎ ይሸታል። ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበርን።

ከጎኔ የሚተኙት የሁሩታ ገበሬ ነበሩ፤ ስድሳን ያለፉ። የታሰሩት የጠፋ ልጃቸው ያለበትን እንዲናገሩ ነው። ቀኝ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ክር የሚፈትሉ ይመስላሉ። ፊታቸው ቢከፋቸውም ደስ ቢላቸውም ያው ነው። መርማሪዎቹ፣ «ውሸታም ባትሆን ለምን ትንቀጠቀጣለህ?» ይሏቸው ነበር።

የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምቆልፍላቸው እኔ ነበርኩ። ሻዩን የማጠጣቸው፣ ወደ ሽንት ቤት ስንወጣ የምደግፋቸው እኔ። በሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከሲሚንቶው ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ እጎትታቸዋለሁ። «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የምለው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ወር መቂ ላይ የተያዘ ወጣት ሐኪም አመጡ። ሽማግሌውን ሲበሉ አያቸው።

«አባባ፣ እስቲ ዳቦውን ያንሱት።»

አነሱት። መንቀጥቀጡ ቀነሰ።

«አየህ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «ፍርሃት አይደለም። እጃቸው ሥራ ሲያገኝ ያርፋል።»

ሁለት ወር ሙሉ አብሬያቸው ስበላ ይህን ልብ አላልኩም ነበር። ሐኪሙ ግን በአንድ ቀን አየው።

«አንጎላችን ውስጥ፣ ጠለቅ ብሎ፣ ቤዛል ጋንግሊያ የሚባል ክፍል አለ» አለን። «ስንራመድ እያንዳንዱን እርምጃ አናስብም። ሳናስበው የሚያስጀምረንና የሚያስቀጥለን እሱ ነው። የእሳቸው ተጎድቷል። ጡንቻቸው ደህና ነው፤ መራመድም ይፈልጋሉ። እንቢ ያለው ማስጀመሪያው ነው። ዓይናቸው የሚሻገሩት ነገር ካየ ግን አንጎላቸው በሌላ መንገድ ሊያዛቸው ይችላል። የሚያሰምር ነገር ያለው ሰው አለ?»

ጠመኔዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ከመኝታቸው እስከ በሩ፣ ከበሩም አልፎ እስከ ውጭው ደረጃ፣ በየአንድ እርምጃው ወለሉ ላይ አግድም መስመር አሰመረ። የተረፈችውን ቁራጭ ኪሱ ከተተ።

«መስመሩን ይሻገሩት፣ አባባ።»

ተሻገሩ። ሁለተኛውንም። ማንም ሳይነካቸው በሩን አልፈው ወጡ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ አንዳንዱም አለቀሰ። ሽማግሌው ተመልሰው የሐኪሙን እጅ ያዙና «ኢልማ ኮ» አሉት።

እኔም ከሌላው ጋር ሳቅሁ። ውስጤ ግን ነደደ። ከዚያ ወዲያ ወደ በሩ ሲሄዱ እጄን አይፈልጉም። ቁልፋቸውን ስቆልፍላቸው እንኳ የሚያወሩት ከእሱ ጋር ነው።

በሳምንቱ ወለል የማጠብ ተራ ደረሰኝ። መስመሮቹን እየዘለልኩ ማጠብ እችል ነበር። አልዘለልኩም። በጆንያ ቁራጭ አንድ በአንድ ፈግፍጌ አጠፋኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙን ለምርመራ ወሰዱት። ጥቂት ቆይቶ ጥበቃው ሽማግሌውን ጠራ። እንደ ምንም እስከ በሩ ደረሱና ቆሙ።

«ውጣ ተብለሃል!»

«እየወጣሁ ነው» አሉ። እግራቸው ግን አልተነሳም። ወለሉን ፈለጉት፤ ባዶ ነበር። ጥበቃው በሰደፍ ትከሻቸውን መታቸው። በጉልበታቸው ወደቁ።

ሄጄ አነሳኋቸው። ከዚያ እግሬን ከፊታቸው በአግድም ዘረጋሁ።

«አባባ፣ እግሬን ይሻገሩት።»

«ምን ጨዋታ ነው?» አለ ጥበቃው።

«ሕመም ነው። እንዲህ ካልሆነ መራመድ አይችሉም።»

«ጎትተህ አምጣው።»

«አልጎትታቸውም» አልኩ። «በእግራቸው ይገባሉ።»

ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ አንዴ ግራዬን አንዴ ቀኜን እየዘረጋሁ፣ ግቢውን በሙሉ አቋረጥን። የመርማሪው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉና የመጨረሻውን እግሬን ተሻግረው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን ተሸክመው አመጡት። ውስጥ እግሩን ገርፈውት አብጧል።

«መስመሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ተረኛው አንተ ነበርክ።» ሽማግሌውን እንዴት ግቢውን እንዳሻገርኳቸው ስነግረው፣ «እግር መዘርጋቱን ግን እኔም አላሰብኩትም ነበር» አለኝ።

ደስ አለኝ። ያን እግሩን እያየሁ ደስ አለኝ።

ሐኪሙን በሌላ ቀን ጠርተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሽማግሌው ተፈትተው ሁሩታ ገቡ። ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝና፣ «ሐኪሙን ካየኸው ሰላም በልልኝ» አሉኝ። ያ እንኳ ቆረቆረኝ።

ዛሬ እኔም ሽማግሌ ነኝ። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እግሬን እየዘረጋሁ ግቢውን እንዴት እንዳቋረጥን። ዘዴውን ከየት አገኘኸው ሲሉኝ፣ እንዲሁ መጣልኝ እላለሁ። በእኔ አተራረክ እዚያ ቤት ውስጥ ሐኪም ኖሮ አያውቅም።

ነበረ። ከእኔ በዕድሜ ያንስ ነበር።