ሀጂ አባቴን ያዘሉበት እሁድ

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ማውራት አቆመ። ጨርሶ ድምፁ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ደንበኛ መጥቶ ብርድ ልብስ ሲጠይቅ ዋጋ ይናገራል፣ ሰላም ሲሉትም «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ያለፈ ቃል ግን አይወጣውም ነበር። ድሮም ቢሆን በሱቃችን ውስጥ የመከራከሩ፣ የመሳቁና ያኮረፈ ደንበኛ የመመለሱ ሥራ የእናቴ ነበር። እሱ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ብርድ ልብስ እያወረደ ያቀብላል። አሁን እሷ የለችም፤ መርካቶ በሩ ላይ እየጮኸ ሲያልፍ እሱ ከባንኮኒው ጀርባ አቀርቅሮ ይውላል።

እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ሱቁን አግዘው ነበር። ምን ብዬ እንደማናግረው አላውቅም። ቤት ገብተን ስንበላ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው በኩል ያለውን እንጀራ ሁለታችንም ሳንነካው እንነሳለን።

አንድ እሁድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። ሀጂ ነበሩ። ሀጂ እህል በረንዳ ጤፍና ስንዴ በጅምላ የሚሸጡ፣ የአባቴ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። እሳቸው ከስልጤ፣ አባቴ ከመንዝ መጥተው ሰባተኛ አካባቢ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባቴ ያኔ ካልሲና መሀረብ አንጠልጥሎ ሲያዞር፣ ሀጂ ኩንታል ይሸከሙ ነበር። ሁሉም ሰው ሀጂ ነው የሚላቸው፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

«አባትሽ የታል?» አሉኝ።

«ተኝቷል፣ ሀጂ።»

«አልተኛም፤ አውቀዋለሁ» ብለው ቀጥ ብለው ገቡ። «ተነስ አንተ ሰውዬ፤ እንውጣ።»

«ወዴት?» አለ አባቴ፣ በእርግጥም ሳይተኛ።

«ሽቅብ! ሐኪሙ ‹ለስኳርህ በእግርህ ሂድ› ብሎኛል። ብቻዬን ዳገት ለዳገት ስዞር እብድ ነው እንዲሉኝ ነው የምትፈልገው?»

ሰበብ መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። አባቴ ግን ለመከራከር እንኳ አቅም ስላልነበረው ጋቢውን ደርቦ ተከተላቸው። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄደው፣ ከዚያ በእግር እንጦጦን ወጡ። ሲመለስ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ፀሐይ መትቶት ነበር። ያቀረብኩለትን ሁሉ በላ። የሚቀጥለውን እሁድ ሀጂ ገና ሳያንኳኩ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ እኔም ተከተልኳቸው። ከሱቅ ሌላ የማላውቅ ልጅ ስለነበርኩ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች፣ ከላይ ሆኖ ሲያዩት ዝገትና ብልጭታ የተቀላቀለበት የመርካቶ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ለእኔ አዲስ ነበር። እላይ ንጉሡ ይኖሩበት ከነበረው፣ ግድግዳው በኖራ ከተቀባው የጭቃ ቤተ መንግሥት ስንደርስ ሀጂ ወገባቸውን ይዘው አዩት።

«ንጉሥ ሆነው እዚህ ብርድ ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉ።

«ብርድ ልብስ የሚሸጥላቸው አጥተው» አለ አባቴ።

ሀጂና እኔ ተያየን። ከወራት በኋላ የሰማነው የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። ሁለታችንም እንዳልደነቀን ሆነን መንገዳችንን ቀጠልን።

ሌላ እሁድ የካ ተራራ ላይ፣ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ወደ ተሠራው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ጣሪያው ከጊዜ ብዛት ፈርሶ ሰማይ ይታይበታል። አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባና ቆየ። ሀጂ ከአጥሩ ውጭ ጥላ ፈልገው፣ የአባቴን ጫማ ከጎናቸው አስቀምጠው ጠበቁት። ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ ጫማውን አራግፈው ሰጡት፣ ወረድን።

ያቺ የማልረሳት እሁድ ግን መናገሻ ሱባ ጫካ የሄድንባት ናት። በሀጂ አሮጌ ፒክአፕ ከከተማ ወደ ምዕራብ ወጣን። ጫካውን ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ንጉሥ ከሰሜን ሸዋ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እውነትም ከዚያ ዘመን የቀሩ የሚመስሉ ጥዶች አሉ፤ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዱን ልንከበው ሞክረን አልደረስንም። ጉሬዛዎች ከላይ ነጭ ጭራቸውን አንዠርግገው ያዩናል። አባቴ ግንዱን በመዳፉ እየዳበሰ ከፊታችን ይሄድ ነበር።

ወደ ፏፏቴው የሚወስደውን ቀጭን መንገድ እንደያዝን የበልግ ዝናብ ድንገት ወረደ። መሬቱ ሳሙና ሆነ። እንመለስ ብለን ቁልቁል ስንዞር አባቴ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እግሩ በዛፍ ሥሮች መካከል ተቀርቅሮ ሲጠመዘዝ ከኋላው ሆኜ አየሁት። ቁርጭምጭሚቱ ዓይናችን እያየ አበጠ። ሊቆም ሞከረ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም።

«እኔ ሮጬ ሰው ልጥራ» አልኩ።

«በዚህ ዝናብ ብቻሽን የትም አትሄጂም» አሉኝ ሀጂ። ጃኬታቸውን አውልቀው ሰጡኝና አባቴ ፊት ጀርባቸውን ሰጥተው በርከክ አሉ። «ና፣ ውጣ።»

«አብደሃል? ሽማግሌ እኮ ነህ!»

«አንተስ ምንድን ነህ? ውጣ ብያለሁ!»

የአባቴን ጋቢ ከመቀመጫው ሥር አሳልፈው ደረታቸው ላይ ቋጠሩት፤ ሕፃን እንደሚታዘለው ማለት ነው። ከዚያ አንድ እጃቸውን መሬት ላይ ደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ስበው ተነሱ። የዛሬ ስንት ዘመን የተዉት ሥራ ወደ ሰውነታቸው ሲመለስ አየሁ። ጉልበታቸው በትንሹ ታጠፈ፣ አንገታቸው ወደ ፊት ወጣ፣ እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ሆነ። ልክ መርካቶ ውስጥ በየቀኑ የማያቸው ተሸካሚዎች አካሄድ ነበር።

«ዋይ!» አሉ ትንሽ እንደሄዱ፣ «አንድ ኩንታል ጤፍ ካንተ ይሻላል። ቢያንስ አይንፈራገጥም!»

አባቴ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። በእናቴ ቀብር ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። እኔ ካበጠው እግሩ ያወለቅኩትን ጫማ ይዤ ከኋላ ቆምኩ፤ ሀጂ ግን አልቆሙም። በዚያው አጭር እርምጃ መውረዳቸውን ቀጠሉ። አባቴም ፊቱን ትከሻቸው ላይ እንደጣለ ማውራት ጀመረ።

«ጫማ ገዝታ ነበር» አለ።

«ማን?»

«እሷ ናታ። ሸራ ጫማ። ‹አንድ እሁድ ከከተማ አውጣኝ፣ ዛፍ ያለበት አገር አሳየኝ› ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ፋሲካ ይለፍ፣ እንቁጣጣሽ ይለፍ፣ ገበያው ይብረድ› እላለሁ። አንድም ቀን ሳታደርገው አልጋ ላይ ወደቀች። እስካሁን ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ነው።»

ሀጂ የጋቢውን ቋጠሮ አጠበቁት።

«የኔዋም ትለኛለች» አሉ። «ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ከዓመት ዓመት። እኔም ገበያው ይብረድ ነው የምላት። መቼ በርዶ ያውቃል?»

«አምጣት» አለ አባቴ። «በናትህ፣ አምጣት።»

«አመጣታለሁ፣ ወላሂ።»

እየቆሙ እያረፉ እስከ ጥበቃ ቤቱ ድረስ ተሸከሙት። በየማረፊያው አባቴ ስለ እናቴ ሌላ ነገር ያወራል፤ እንዴት እንደተዋወቁ፣ ሱቁን ሲከፍቱ ፈርቶ እሷ እንዴት እንደገፋችው። ብዙውን እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። ጫማውን ደረቴ ላይ አቅፌ እየሰማሁ ተከተልኳቸው፤ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ከተማ ስንገባ ሀጂ «ወጌሻ አለ የማውቀው» ሲሉ እኔ «ሐኪም ቤት!» ብዬ ጮህኩ፤ እኔ አሸነፍኩ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር፣ በጀሶ ታሰረ። ወሬው ገበያውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ «ሀጂ ወደ ድሮ ሥራቸው ተመለሱ አሉ!» ይላል። አባቴም ጀሶውን ወንበር ላይ ሰቅሎ ታሪኩን ይተርካል፤ በተረከው ቁጥር መንገዱ ይረዝማል። እኔም ሻይ እያቀረብኩ ስሰማው፣ ይርዘም እላለሁ በልቤ።

ጀሶው ተፈትቶ በወጣንበት የመጀመሪያ እሁድ የሀጂ ባለቤት ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው ፒክአፑ ውስጥ ቀድመው ተቀምጠዋል። አባቴ አልጋው ሥር የነበረውን ካርቶን ይዞ ወጣ።

«እህቴ፣ ልክሽ ከሆነ» ብሎ አቀበላቸው።

ትንሽ ሰፋቸው። ካልሲ ደርበው አደረጉትና ከሁላችንም ቀድመው ዳገቱን ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሄድን። አንድ ጊዜ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙና የማልጾመውና ውኃ የያዝኩት እኔ ብቻ ሆንኩ፤ ሦስቱም ጉሮሯቸው ደርቆ «ጠጪ ልጄ፣ ስለኛ አታስቢ» እያሉ ሲያዩኝ ውኃው አልወርድ አለኝ። የብርድ ልብስ ሱቃችን ያለበት ተራ ለልማት ሲፈርስ አባቴ ኮንዶሚኒየም ገባ። እኔም ሥራ ይዤ፣ ወልጄ፣ እሁዶቼ በሌላ ነገር ተሞሉ። እንጦጦም አስፋልት ገባለት። ሀጂ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ንግዱን ለልጆቻቸው አስረከቡ።

ባለፈው ጥቅምት ግን ቀጠሮ ይዘን አራታችንም ወደ ሱባ ሄድን። ሀጂ መግቢያው ላይ ከጥበቃው ጋር ወንበር ይዘው ቀሩ፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ስለ ጤፍ የማወራው ሰው አግኝቻለሁ» ብለው። እኛ ቀስ እያልን እስከ ትልልቆቹ ጥዶች ብቻ ደርሰን ተመለስን። ስንወርድ ጥበቃው የለም፤ ሀጂ ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ አውርደው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው እያንኮራፉ ተኝተዋል። ባለቤታቸው ሊቀሰቅሷቸው እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ ከለከላቸው።

«ተዪው፣ ይተኛ» አለ። «የምንቸኩልለት ገበያ የለን።»

አንድ ድንጋይ ፈልጎ ከወንበሩ አጠገብ ተቀመጠ። እኛም ሣሩ ላይ ተቀመጥንና ሀጂ እስኪነቁ ድረስ ጠበቅን።