ተለጣፊው እስኪመጣ

የመጋዘን ኃላፊዋ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ በገመድ አስራ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ሰው ሁሉ «ቁልፌ» ይላታል። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ፣ «እኔ ለስሙ ነው ያለሁት፤ ትዳሯ ከቁልፉ ጋር ነው» እያለ ይቀልድባታል። እናትና አባቷን አታውቅም፤ ያደገችው ቤተ ክርስቲያን ባቋቋመችው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የእርዳታ ድርጅት ስትከፍት መጀመሪያ ከተቀጠሩት አንዷ እሷ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሳሙና ጎድሎባት አያውቅም።

በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደው። ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ዴስኮቹ ወደ ውጭ ወጡ፤ በየክፍሉ ስድስት ሰባት ቤተሰብ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፎ ተኛ። በአራተኛው ቀን ለድርጅቱ አንድ መኪና ሙሉ ብርድ ልብስ መጣ። ቁልፌ ቆማ አስወረደች። አንዱን ፈታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፤ ወፍራም ነው። «ተመስገን! ዛሬ ልጆቹ ይሞቃቸዋል» አለች።

የድርጅቱ አስተባባሪ ግን አስቆማት። ትሑት፣ ንግግር የሚያውቅ ወጣት ነው።

«እትዬ፣ ይቆዩ። አርማችን ያልተለጠፈበት ዕቃ እንዳይወጣ። ለጋሾቹ ሰኞ ይመጣሉ፤ ፎቶም ይነሳል። ተለጣፊው ነገ ከማተሚያ ቤት ይደርሳል።»

ነገ አልደረሰም። ማተሚያ ቤቱ የድርጅቱን ስም አንድ ፊደል ገድፎ አትሞት ኖሮ እንደ አዲስ ይታተም ተባለ። የለጋሾቹም ጉዞ በሳምንት ተራዘመ። ዝናቡ ግን አልተራዘመም።

ቁልፌ በየቀኑ ሳሙናና የሕፃናት ምግብ ይዛ ትምህርት ቤቱ ትሄዳለች። መስኮቱ በተሰበረ አንድ ክፍል ውስጥ በልብስ አጣቢነት የምትተዳደር ሴት ነበረች። የአምስት ወር ልጇን በራሷ ሹራብ ጠቅልላ ይዛለች።

«እህቴ፣ ብርድ ልብስ መጥቷል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?» አለቻት።

«መንገድ ላይ ነው። ትንሽ ታገሺ» አለች ቁልፌ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ በእፍረት ነደደ። ከዚያው በቀጥታ አስተባባሪው ቢሮ ገብታ፣ «ሕፃን ልጅ እየበረዳት ነው፤ ቢያንስ ለጨቅላዎቹ ይፍቀዱልኝ» ብላ ለመነችው።

«እኔም አንጀቴ ይንሰፈሰፋል፤ ግን መመሪያ ነው» አላት።

ማታ ለባሏ ነገረችው። «ታዲያ ዝም ብለሽ አትሰጫቸውም?» አላት።

«በሥራዬ ላይ ሸፍጥ ሠርቼ አላውቅም።»

«ቁልፍ ይዞ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ማየት ነው እንጂ ሸፍጥ!»

አኮረፈችው። ብርድ ልብሱ በመጣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤቱ ስትደርስ የልብስ አጣቢዋ ካርቶን ባዶውን ነው። ጎረቤቶቿ አንገታቸውን ደፍተዋል። ልጅቷን ሳንባ ምች ይዟት ትናንት ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር። ጎህ ሲቀድ አረፈች።

ቁልፌ ወደ ቢሮ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ሠራተኛው ለጠዋት ጸሎት ተሰብስቧል። አስተባባሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጌታ ሆይ፣ የተበተኑትን ልጆች አንተ ሸፍናቸው» እያለ ይጸልያል።

«ልኮላቸዋል እኮ!» ብላ በሩ ላይ ጮኸች። «መሸፈኛውን ልኮላቸዋል! የቆለፍንበት እኛ ነን!»

ደሟ ፈልቶ መጋዘኑን በረገደችው። ለባሏ ደወለች፤ የጎረቤት ፒካፕ ለምኖ ከተፍ አለ። ጭነው ሊወጡ ሲሉ አስተባባሪው መኪናው ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ስርቆት ነው!»

እስከዚያች ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

«አንተ! የአምስት ወር ልጅ ሞታለች! ተለጣፊህን ሄደህ መቃብሯ ላይ ለጥፍ! ዞር በል ከዚህ!»

ዞር አለ። እስከ ከሰዓት ድረስ ክፍል በክፍል ዞረው አደሉ። እናቶቹ መረቋት። ምርቃቱ እንደ ስድብ ነበር የሚሰማት፤ «አትመርቁኝ» እያለች አለፈች።

በማግስቱ ልብስ አጣቢዋን ፈልጋ አገኘቻት። «ዋሽቼሽ ነበር። ያን ቀን ብርድ ልብሱ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም እኔ አንገት ላይ። ይቅር በይኝ» አለቻት። ሴትየዋ አልጮኸችም። «ከፊቴ ጥፊ» አለቻት ብቻ። ቁልፌ ሄደች።

የቤተ ክርስቲያኗ ቦርድ ጠራት። ሰብሳቢው ሽማግሌ ነገሩን ሊያለዝቡ ፈልገው፣ «አንድ የይቅርታ ቃል ብቻ ተናገሪ፤ ሥራሽም አይነካም» አሏት።

«ይቅርታ የጠየቅኋት ሴት አለች። ይቅር አላለችኝም፤ እውነቷን ነው» አለች ቁልፌ። «ከእናንተ ውስጥ ሄዶ የጠየቃት አለ?»

በድምፅ ብልጫ አሰናበቷት። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ለጋሾቹ መጡ። ተለጣፊውም ደረሰ። ሁለት ሠራተኞች በየክፍሉ እየዞሩ ልጆቹ የተጠቀለሉበት ብርድ ልብስ ላይ፣ ደረታቸው አካባቢ፣ አርማውን ለጠፉ። ፎቶም ተነሳ። ባሏ ይህን ሰምቶ ሲነግራት የያዘችውን ሳህን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ብርጭቆ ሲወድቅባት እንኳ የምትሳቀቅ ሴት ናት።

አሁን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለ ደመወዝ መድኃኒት ክፍሉን ታግዛለች። ልብስ አጣቢዋ አንዳንዴ አንሶላ ልታጥብ ትመጣለች፤ ሰላም አትላትም፤ ቁልፌም አትጠብቅባትም። ድርጅቱ መመሪያውን እንደቀየረ ይወራል። የልጅቷን ስም ግን አንድ ወረቀት ላይ እንኳ ያሰፈረ የለም።

በቅርቡ ቄሱ፣ «ልጄ፣ ይሄን ቁጣ ከልብሽ አውጪው፤ ይጎዳሻል» አሏት።

«አባቴ፣ ጸልዩልኝ እንጂ ቁጣዬን አይውሰዱብኝ» አለቻቸው። «እኔን የሚቆጨኝ ዘግይቶ መምጣቱ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የልጆች ሽሮፕ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ማውረድ አለባት።