የአንተነህ ሲምባልና የእማማ አይናዲስ አፍ

አንተነህ ከበሮ መምታት አይችልም። ይህን የምለው ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ ሰርግ ላይ ሲሞክር አይቼዋለሁ። ቀን ቀን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ የተረፈውን ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ ዘፈን ያቀናብራል። ከበሮውን ማሽኑ ይመታለታል። እኔ ከእሱ ጋር የአንድ ግቢ ተከራይ ስለሆንኩ፣ ወደድኩም ጠላሁም ሁሉንም እሰማለሁ።

ጣጣው የመጣው በእየሩስ ነው። እየሩስ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፤ ድምጿን የሰማ ሰው መንገዱን ይረሳል። አንተነህ ግጥሙንም ዜማውንም ሠርቶ የሰጣትን ዘፈን ልትቀዳ መጣችና ቅንብሩን አዳመጠች። «ከበሮውስ ይሁን፤ ሲምባሉ ግን ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ሽምብራ ነው። ካላስተካከልከው ባሕር ዳር ሄጄ ሌላ ዘፈን እቀዳለሁ» አለችው። አንተነህ ያን ዕለት ራቱን አልበላም። ያን ዘፈን ከእሷ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ማሰብ አልሆንልህ አለው።

ደጀን የሚኖር የድሮ ማርሽ ባንድ ጓደኛ አለው፤ ከእሱ እውነተኛ ሲምባል፣ ያን በዘንግ የሚመታ ክብ የነሐስ ሳህን፣ ተውሶ መጣ። ማቆሚያ ስለሌለው ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠለው። ድምፅ እንዳያስተጋባ በሩንና መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነ፤ የእኔም ጋቢ አብሮ ዘመተ። ማይኩን ደገነና አንዴ መታ።

ቻሽሽሽ!

«እኔን!» አለ ግድግዳው።

ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት አከራያችን እማማ አይናዲስ ናቸው። ነገር ሲወድቅ፣ ሰው ሲደናቀፍ፣ ድመት ከአጥር ስትዘል እንኳ «እኔን» ሳይሉ አያልፉም። አንተነህ ደግሞ መታ።

«እኔን ድፍት ያርገኝ! ኧረ ምን ወደቀብህ?»

ሲምባል እንደሆነ ተመትቶ አያበቃም፤ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ ውበቱም እሱ ነው። የእማማ «እኔን» ልክ እዚያች ላይ ጉብ ይላል። አንተነህ ሄዶ አስረዳቸው።

«እማማ፣ የወደቀ ነገር የለም። እኔው ነኝ የምመታው።»

«አወቅሁ ልጄ። አፌ ነው እንጂ እኔማ ምን አልኩ?»

ዝም ሊሉ በሚካኤል ማሉ፤ መሐላው አንድ ምት አልቆየም። አፋቸውን በነጠላ ይዘውም ሞከሩ፤ ያኔ ደግሞ የታፈነ ጥጃ የመሰለ ድምፅ ተቀዳ። እንዳይቆጣቸው እናት ናቸው፤ ተዉ እንዳይላቸው ደግነት ነው።

ቅዳሜ እየሩስ ልትሰማ ስትመጣ ምንም አልተሠራም። የአንተነህን ፊት አይታ ሳቋን ዋጠች። «በል አሁን ምታ» አለችና እማማ ጋ ሄዳ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተሾምኩ።

አንተነህ ሲምባሉ እንዳይዞርበት ገመዱን በግራው ደግፎ፣ በቀኙ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። መምቻው ከሲምባሉ ጋር አውራ ጣቱንም አገኘው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትንፍሽ አላለም። ድምፁ ግን እንዴት ያምር ነበር! ከግድግዳው ወዲያም ጸጥ። እንዲያ ስንመኘው የነበረው ዝምታ ሲመጣ ግን ቤቱ ሰው የሌለበት መሰለኝ፤ እውነት ለመናገር ከፋኝ።

የመጨረሻዋ ጭላጭ ድምፅ ጠፋች። መቅጃውን አቆምኩት።

«አለቀ?» አሉ እማማ በቀስታ።

«አለቀ» አለ አንተነህ፣ ጣቱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ።

«እንግዲያውስ እኔን! እኔን ልጄ! እኔን ድፍት ያርገኝ!» ያጠራቀሙትን ሁሉ አዥጎደጎዱት።

እየሩስ እየሳቀች ገባች። የተቀዳውን አንዴ ብቻ ሰማችና «መቼ ነው የምዘፍነው?» አለችው።

አንተነህ ግን ግንባሩን ከጭቃው ግድግዳ አስደግፎ፣ «እማማ፣ ያቺን ‹እኔን› እስቲ ለጣቴ አንዴ ይድገሙልኝ» አለ።