ድኛለሁ ካልኩ በኋላ

ሆዴ ማስቸገር የጀመረው ወላይታ ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሞባይል ገና የነጋዴና የባለሥልጣን ዕቃ ነበር። ጠዋት ቁርሴን በልቼ ስወጣ ደህና ነኝ፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሩጫ ነው። ከሩጫው የባሰው ድካሙ ነበር። ጠመኔ ለማንሳት እንኳ እጄ የሚዝልበት ቀን ነበር። ክሊኒክ ስሄድ አንዱ ጃርዲያ ነው ይለኛል፣ ሌላው አሜባ፣ ሌላው ጨጓራ። መድኃኒቱ ያልቃል፣ ሆዴ ግን ያው ነው። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት መበለት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። የሰፈሩ ሴቶች የረቡዕ ጸሎት የሚደረገው በእሳቸው ሳሎን ነው፤ የሚመሩትም እሳቸው ነበሩ። ወፍራም ድምፃቸው ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። በየሳምንቱ መሐል አስቀምጠውኝ፣ እጃቸውን ሆዴ ላይ ጭነው ይጸልዩልኛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከላማቸው የታለበውን ወተት በትልቅ ኩባያ ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ከወተትና ከቅቤ በላይ ምን ይሰጣል? ጨርሼ ኩባያውን እስክመልስ ከፊቴ አይነቃነቁም።

አንድ ክረምት ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄጄ ሦስት ሳምንት ምስርና ዳቦ ስበላ ሰነበትኩ። ሆዴ ጸጥ አለ። ደረጃ በሩጫ መውጣት ጀመርኩ። በተመለስኩበት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ማንም ሳይገፋኝ ተነሳሁ፤ ጌታ ፈውሶኛል አልኩ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ ፊት ለፊት ተቀምጠው አለቀሱ። ከልቤ ነበር የተናገርኩት፤ ዛሬም በዚያ ቀን ደስታዬ አላፍርም።

ሐሙስ ዕለት ሕመሙ ተመለሰ።

አሁን ለማን ልንገር? በትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ ርዕሰ መምህሩ ከክፍል እየወጣሁ እንደምጠፋ፣ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንደምተኛ አነሳ። ግምገማ ማለት ያኔ ሰው በባልደረቦቹ ፊት እንደ ሽንኩርት የሚላጥበት ስብሰባ ነው። አሞኝ ነው አልኩ። ከኋላ የተቀመጠው የሂሳብ አስተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ፣ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ መምህርት ድኛለሁ ብላ ስትመሰክር እኔው ራሴ ሰምቻለሁ» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ችግር «የሥራ ተነሳሽነት ማነስ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም በንዴት ልጁን ሁለት ዓመት ሰላም ሳልለው ቀረሁ።

ሶዶ ውስጥ ክሊኒክ ብገባ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማንም ወደማያውቀኝ ትንሽ ከተማ፣ ወደ ዲምቱ፣ በሚኒባስ ወረድኩ። አንድ ትንሽ ክሊኒክ አገኘሁና ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ገባሁ። አግዳሚው ወንበር ላይ እንደ እኔው ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው የሳቡ ሴት፣ የሰገራ መመርመሪያ ዕቃ በሁለት ጣታቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ናቸው።

ሲደነግጡ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «አንተም መጣህ?» አሉኝ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ለቀቁት፤ ነርሷ መጥታ ሰው ይረበሻል እስክትለን ድረስ ሳቅን። ከዚያ በወላይትኛ፣ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገሩኝ። እኔ ሶዶ ከመምጣቴ በፊት እሳቸውም ከሆድ ሕመም ድኛለሁ ብለው መስክረዋል። ሕመሙ ሲመለስባቸው ግን የጸሎት መሪ ነበሩ፤ እሳቸው ካልዳኑ ሌላው እንዴት ይዳን? ስለዚህ ዋጥ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ቅዳሜ አብረን እንወርድ ነበር። ሰው ሲጠይቀን የታመመ ልንጠይቅ ነው እንላለን፤ ውሸትም አልነበረም። ውጤት እስኪደርስ አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ ወንበር ያወጣልናል። እናትና ልጅ መስለነው ነበር፤ አላረምነውም። ማንጎ እየላጥን፣ ስለ ሰገራና ስለ ጋዝ ሌላው ሰው ስለ ሠርግ እንደሚያወራው ያለ ሐፍረት እናወራለን። እንደዚያ ልቤ ቀልሎኝ ከሰው ጋር ያወራሁበት ጊዜ በሕይወቴ ብዙ አይደለም። ዛሬ ያ ቅዳሜ ቢመለስልኝ ሕመሙንም አብሬ እቀበለው ነበር።

የክሊኒኩ ወጣት ጤና መኮንን በሦስተኛው ጉዞ ኪኒን ማዘዙን ትቶ የምበላውንና የምጠጣውን በየቀኑ እንድጽፍ ነገረኝ። ደብተር አሰመርኩ፣ አስተማሪ አይደለሁ? ወር ጽፌ ስወስድለት በጣቱ እየተከተለ አነበበና፣ ወተቱን አቁሚው አለኝ። አቆምኩ፤ በሁለት ሳምንት ሰው ሆንኩ። ችግሩ ለእትዬ መንገሩ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እግዚአብሔር በደብተርም ይሠራል» አሉ። በማግስቱ ጠዋት የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዘው በሬን አንኳኩ።

ለእሳቸው ግን ደብተር አልሠራም። ጤና መኮንኑ ሶዶ ሆስፒታል ይሂዱ ብሎ ሦስት ጊዜ ወረቀት ጻፈላቸው። ሶዶ ሆስፒታል ማለት ግማሹ ምእመን በሚያልፍበት ኮሪደር መቀመጥ ነው። ከመስቀል በኋላ አሉ፤ ከዚያ ከገና በኋላ፤ ከዚያ ልጃቸው ከተመረቀ በኋላ። ገፋ አድርጌ አልጎተጎትኳቸውም። ይህን መናገር ይከብደኛል፤ እሳቸው ከተጋለጡ እኔም እጋለጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ ስንሄድ ሐኪሙ ለምን እስከዛሬ ቆያችሁ አለን። ሕመሙ ከሕክምና እጅ ወጥቶ ነበር። አራት ወር እንኳ አልቆዩም።

ለቀብሩ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ሽማግሌዎቹ ለእኔ ሰጡኝ፤ በእጅ ጽሑፌ ይተማመናሉ። መግባት ያለበትንም ነገሩኝ፤ የትውልድ ቦታ፣ የጸሎት አገልግሎት፣ ከሆድ ሕመም በተአምር መፈወሳቸው። ጻፍኩት። ሳነብ ግን እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሰው ሁሉ ለቅሶ መስሎት ጠበቀኝ። ወረቀቱን አጠፍኩና ያልተጻፈውን ተናገርኩ።

«እኚህ እናታችን አልዳኑም ነበር፤ ከሰባት ዓመት በላይ ታመው ነበር። እኔም ድኛለሁ ስላችሁ አልዳንኩም ነበር። ሁለታችን ዲምቱ ድረስ የተመላለስነው፣ እዚህ መሐላችሁ ሆነን አሁንም ያመናል ለማለት ስለፈራን ነው።»