የሚከራይ ቤት፣ አዳማ

ስልኬ ላይ «ኩኪ ይቀበላሉ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ባለ ቁጥር ጣቴ ይቀዘቅዛል። አንተ ሳታነበው «እሺ» ብለህ ታልፈዋለህ። እኔ አልችልም። የአሰላ ብርድ፣ ከፋብሪካው በኩል የሚመጣው የብቅል ሽታ፣ የእህቴ ሳሎን ይመጣብኛል።

ያኔ የመሰናዶ ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም ከታላቅ እህቴና ከባሏ ጋር ነበር። ባሏ ከኢተያ ስንዴ እየጫነ የሚነግድ፣ ሰው ፊት የሚስቅ፣ በሩ ሲዘጋ የሚደበድብ ሰው ነበር። እህቴ ልታመልጠው ቆርጣ ነበር። እሱ ገበያ ሲውል በቤቱ ላፕቶፕ አዳማ ላይ የሚከራይ ክፍል ትፈልጋለች፤ ስትጨርስ የከፈተቻቸውን ገጾች ዝርዝር ታጠፋለች። «አሁን ንጹሕ ነው» ትለኝ ነበር በሹክሹክታ። ዝርዝሩ ቢጠፋም ድረ ገጾቹ ላፕቶፑ ውስጥ የሚተዋቸው ኩኪ የሚባሉ ትንንሽ ማስታወሻዎች እዚያው እንደሚቀሩ፣ የፈለገችውን እያስታወሱ ማስታወቂያ እንደሚጠሩ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ባሏ የኳስ ውጤት ሊያይ ላፕቶፑን ከፈተ። ከውጤቱ ጎን የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ መጣ፤ አዳማ። ሌላ ገጽ ከፈተ፤ እዚያም አዳማ። ቀና ብሎ እህቴን አያት።

«ማን ነው አዳማ የሚሄደው?»

መልሷን አልጠበቀም። ላፕቶፑን በሁለት እጁ አንስቶ ጭንቅላቷን መታት። ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ወድቃም አልተዋትም፤ በጫማው ይረግጣት ጀመር። ዘልዬ ክንዱን ነከስኩት፤ የደሙ ጨው አሁንም አፌ ውስጥ አለ። አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ።

ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ጩኸቱን ሰምተው በሩን በርግደው ገቡ።

«ዺሲ! ተዋት አልኩህ!»

«አባባ፣ የቤቴ ጉዳይ ነው፤ አይግቡ!»

«ደም ከፈሰሰ በኋላ የምን የቤቴ ጉዳይ ነው!» ብለው ከዘራቸውን እጁ ላይ አሳረፉበት። እጁን ይዞ ሲያጎነብስ እህቴን ጎትተን አወጣናት። ጋቢያቸውን አለበሷት፤ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ስንደርስ ጋቢው ነጭ አልነበረም።

እሱ ታሰረ። እኛም ወደዚያ ቤት አልተመለስንም።

ዛሬ እህቴ አዳማ ነው የምትኖረው። የራሷን ስልክ የገዛች ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ኩኪ የሚታገድበትንና የሚጠፋበትን ቦታ አሳየኋት። ጣቷን ወደ ማጥፊያዋ አስጠጋች።

«ይችን ብነካ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር?» አለችኝ፤ ሳትስቅም ሳታለቅስም።

ግራ ጆሮዋ ከዚያ እሁድ ወዲህ አይሰማም። መንገድ ስንወጣ ሳትነግረኝ በቀኟ በኩል እዞራለሁ፤ እሷም እንዳላየች ሆና ክንዴን ትይዛለች።